የኩሬዬ ግድብ ውሃ እያፈሰሰ ነው፤ በዚህ የታህሳስ ብርድ እንዴት ልጠግነው? (ሐዋሳ፣ ቱላ በኩል)

የቱላው ገበሬ
ሰላም ለሁላችሁም። ሐዋሳ፣ ቱላ በኩል ለመስኖም ለዓሣም የምንጠቀምበት ኩሬ አለን። ስፋቱ ወደ 40 በ30 ሜትር ነው። ግድቡ የአፈር ነው፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር አይሞላም። በሥሩ ባለ 6 ኢንች ፒቪሲ ቱቦ አቋርጦ ያልፋል። ቱቦውን የምንዘጋውና የምንከፍተው ከውጭ በኩል ባለው ቫልቭ ነው።

ክረምቱን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን ሳንጠቀምበትም ይወርዳል። ከግድቡ ጀርባ፣ ቱቦው ከሚወጣበት አጠገብ፣ መሬቱ ረጥቦ እግር ያሰምጣል፤ ከዚያው ሥር ቀጭን ውሃ ቀንም ሌሊትም ይፈስሳል። ጎረቤቴ «አፈር የሞላ ማዳበሪያ ደርድርና ድፈነው» ይላል። አንድ ግንበኛ ደግሞ «በሲሚንቶ ልለስንልህ» ብሎኛል። ውስጡ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ስላለ ባዶ ማድረግ ይከብደኛል። ብርዱንም ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ውሃው ውስጥ እጅ አይገባም። በልግ ሳይመጣ መጨረስ አለብኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

አፈርና ውሃ
ወንድሜ፣ አንድ አካፋ አፈር ከማንሳትህ በፊት ይሄን መልስልን፦ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ነው ወይስ ድፍርስ? ዓይን ያታልላል፣ በሃይላንድ ቅዳና አስቀምጠው። ንጹሕ ከሆነ ሰርጎ የሚወጣ ውሃ ነው፣ ጊዜ አለህ። ድፍርስ ከሆነ ውሃው የግድቡን አፈር እየያዘ ይወጣል ማለት ነው። ያኔ ውስጡ እየተቦረቦረ ነው፣ ጠባብ የነበረው መንገድ በየሰዓቱ ይሰፋል። እንደዚያ ካየህ ዛሬውኑ ውሃውን ማጉደል ጀምር፣ ከግድቡ በታች የሚኖር ሰው ካለም ንገረው።

ማዳበሪያ መደርደሩን ተወው። ልስኑንም። ከኋላ በኩል መውጫውን ስትደፍነው ከኩሬው በኩል የሚገፋው ውሃ አይቆምም። ግድቡ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጀርባው ይርሳል፣ ከዚያ ወይ በሌላ ቦታ ፈንድቶ ይወጣል ወይ የጀርባው ተዳፋት ይንሸራተታል። በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ የቴቶን ግድብ ሲፈርስ ጠዋት ላይ ድፍርስ ውሃ ታየ። የሚወጣበትን ቀዳዳ በአፈር ለመድፈን ሁለት ዶዘር ላኩ። ቀዳዳው ሁለቱንም ዶዘር ዋጣቸው፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ሄደ። የአንተ ትንሽ ነው፣ የሚሠራበት ሕግ ግን ያው ነው። የሚታሸገው ውሃው በሚገባበት በኩል ነው። በሚወጣበት በኩል አፈሩን አስቀርቶ ውሃውን የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው የሚደረገው፦ መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ።

ሎቄ ሠፈር
አሁን በጋ ነው፣ ነፋሱም ደረቅ ነው፣ ከወረደው ውሃ የተወሰነው በትነት የሄደ ይሆናል። ቀላል መለያ አለ። ባልዲ ኩሬው ውስጥ ድንጋይ አድርገህበት አስቀምጥ፣ የባልዲው ውሃ ከኩሬው ጋር እኩል እስኪሆን ሙላው፣ ሁለቱንም ምልክት አድርግ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ለካ። ባልዲው የቀነሰው ትነት ነው። ኩሬው ከባልዲው በላይ የቀነሰው ደግሞ የሚያፈስሰው ነው። የሚገባ ውሃ ካለ መጀመሪያ ዝጋው።

የምንጃር ልጅ
እኔ ብሆን ጂኦመምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የላስቲክ ሸራ) አልብሼ እገላገላለሁ። እኛ ጋ ለሽንኩርት ችግኝ የሚሠሩ ኩሬዎች ሸራ ለብሰው ነው ውሃ የሚይዙት። የሐዋሳና የአዳማ አፈር ፑሚስ (ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ) ነው፣ ውሃ አይዝም፣ ለምን ትደክማለህ?

የቱላው ገበሬ
አመሰግናለሁ። በሃይላንድ የቀዳሁት ውሃ ጥርት ያለ ነው። ሲያድር ግን ሥሩ ላይ ስስ ነጭ ደቃቅ አሸዋ ተኝቷል። የምንጩን ቦይ ዘግቼ የባልዲውንም አየሁ፦ ባልዲው ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ኩሬው ሁለት ሴንቲ ተኩል ወርዷል። ከኋላ የሚወርደውን በጀሪካን ለካሁት፣ ባለ 20 ሊትሩ በሁለት ደቂቃ ይሞላል።

አፈርና ውሃ
እሰይ፣ እንደዚህ የሚለካ ሰው ያስደስታል። በል እናስላው። ኩሬህ 1,200 ካሬ ሜትር ነው። ትነቱን ስንቀንስ የጠፋው 2 ሴንቲ ነው፣ ይሄ በቀን 24,000 ሊትር ይሆናል፣ በደቂቃ ወደ 17 ሊትር ማለት ነው። ከኋላ የምታየው በደቂቃ 10 ሊትር ነው። ቀሪው 7 ሊትር ገደማ በኩሬው ወለል ወደ ታች ይሰርጋል። ወለሉ ላይ ስታካፍለው በቀን 8 ሚሊ ሜትር ነው የሚመጣው፣ ለአፈር ኩሬ ደህና ነው። ዓሣው የሚጥለው ቆሻሻና ደለሉ እያደር ይበልጥ ያሽጉታል።

ስለዚህ የምንጃር ልጅ ያልከው ሸራ እዚህ አያስፈልግም። ወለሉ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ አንድ ቦታ ነው ያለው። ደግሞም ሸራ ለማልበስ ኩሬው ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፣ ዳርና ዳሩ መስተካከል አለበት። በብርድ ጠዋት ሸራው ስለሚሰበሰብ ወጥሮ የሠራ ሰው መገጣጠሚያው ላይ ይቀደድበታል።

ያ ነጭ ደቃቅ አሸዋ ግን አልጣመኝም። ጥቂት ነው፣ ግን አፈር ነው። በየጠዋቱ እየቀዳህ አወዳድር። በርከት ካለ አትጠብቅ።

ዓሣ በኩሬ
ስለ ዓሣው እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ግድቡን አድኖ ዓሣውን ሲገድል አይቻለሁ። ቆሮሶ የሙቀት ዓሣ ነው። ውሃው ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ያቆማል ማለት ይቻላል፣ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። የሐዋሳ ሌሊት አሁን ወደዚያ ይቀርባል። ጥልቅ ውሃ ግን ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ውሃውን አጉድለህ ጉልበት ድረስ ስታደርሰው ያ ሙቀት አብሮ ይሄዳል፣ ሌሊቱን ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ስታጎድል ቢያንስ አንድ ቦታ ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት ተውለት።

ለገበያ የደረሰውን አስቀድመህ አውጣና ሽጥ፣ ቁጥሩ ሲቀንስ ለቀሪው አየር ይበቃዋል። መረብ የምትጥለው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። በቀዝቃዛ ውሃ የተነካካ ቆሮሶ ቅርፊቱ ይላጥና ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ያወጣል፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ውሃው እየጎደለ ባለበት ሰሞን መኖ አትጣል። የማይበላው መኖ በስብሶ አየሩን ይጨርስበታል። ጠዋት ማለዳ ዓሣው ላይ ወጥቶ አፉን ከከፈተ አየር አጥሮታልና የምንጩን ቦይ መልሰህ ክፈት።

አፈርና ውሃ
እኅቴ ያለችውን እንዳለ ያዝ። አሁን ወደ ቱቦው።

ቫልቩ ከውጭ ነው ብለሃል። ትልቁ ጉዳይ እዚህ ነው። ቫልቩን ስትዘጋ ቱቦው ከዳር እስከ ዳር ውሃ ሞልቶ፣ በኩሬው ግፊት ተወጥሮ ግድቡ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ መገጣጠሚያ ከላላ ውሃው በቀጥታ ግድቡ ሆድ ውስጥ ይረጫል። ሌላው ዕድል ቱቦው ደህና ሆኖ፣ አፈሩ ከቱቦው ሥር በደንብ ሳይጠቀጠቅ ቀርቶ ውሃው ቱቦውን ታክኮ መሄዱ ነው። ክብ ቱቦ ጎኑና ሥሩ ለመጠቅጠቂያ አይመችም። የብዙ ትንንሽ ግድቦች ፍሳሽ ከዚያ ይጀምራል።

ሁለቱን ለመለየት የቱቦውን አፍ ከኩሬው በኩል ዝጋ። እንጨት በልኩ አስጠርብና የመኪና ከመነዳሪ ጠቅልልበት፣ በደንብ ይያዛል። ይሄን ስታደርግ ቫልቩ የግድ ዝግ መሆን አለበት። ቫልቩ ክፍት ሆኖ እጅህን ወይም እግርህን ወደ ቱቦው አፍ እንዳታስጠጋ፣ ውሃው ስቦ ይይዝሃል፣ ሰው በዚህ ሞቷል። አፉ ከተዘጋ በኋላ ቫልቩን ክፈትና ቱቦው ውስጥ ያለው ይውጣ። ከኋላ የሚፈስሰው ከቆመ ቱቦው ነው። ካልቆመ አፈሩ ነው። ከቀነሰ ሁለቱም ናቸው።

ነርስ ነኝ
ውሃ ውስጥ ልትገቡ ስለሆነ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ (ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው)፣ ቀንድ አውጣ ያለበት ኩሬም አይታመንም። ረጅም ቦት ጫማ ያድርጉ፣ ሲወጡ ወዲያው በፎጣ ይድረቁ። ከዚያ በኋላ የሆድ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ሄደው ኩሬ ውስጥ እንደገቡ ይንገሩ። መድኃኒት አለው። በማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብቻውን የሚገባ ሰው ደግሞ አይኑር። ጣት ሲደነዝዝ መያዝ ያቅታል።

ሚኒሶታ ያለሁ
የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ አሁን ያለሁት ብርድ አገር ነው። እዚህ መሬቱ በብርዱ ወቅት ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች በረዶ ይሆናል። በዚያ ወቅት ግድብ የሚጠግን የለም። በረዶ የሆነ አፈር ድንጋይ ነው፣ ብትጠቀጥቀውም በጓሉ መሃል ክፍተት ይቀራል፣ በረዶው ሲቀልጥ ያ ሁሉ ይሰምጣል። ስለዚህ ሰው ውሃውን አጉድሎ ሙቀቱ እስኪመለስ ይጠብቃል። እናንተ ጋ ውርጭ ስለማይመታ የእናንተ ታህሳስ ጥሩ የሥራ ወቅት ነው፣ ዝናብም የለም። ጭቃው በረዶ አይሆንባችሁም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ይሠራላችኋል። ፒቪሲ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ማጣበቂያውም ዘግይቶ ነው የሚይዘው። ቱቦ የምትቆርጡትና የምታጣብቁት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይሁን፣ አፈር ከመመለሳችሁ በፊትም ሌሊቱን ይደር።

ጡረተኛው
ልጆቼ፣ ሰላም ዋሉ። ብዙ ዘመን በግብርና ሥራ ላይ ነበርኩ። መሣሪያውን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ስለ አፈሩ ልናገር።

ቀይ አፈር ሁሉ ሸክላ አይደለም። ከሲዳማ ደጋ የሚመጣው ቀይ አፈር ለቡና ጥሩ የሆነው ውሃ ስለሚያሳልፍም ነው። በደንብ እርጥቦ ካልተጠቀጠቀ ግድብ ላይ ያሳፍራል። ዋልካው (ጥቁሩ አፈር) ደግሞ እርጥብ ሲሆን ይይዛል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሁልጊዜ ውሃ ሥር በሚሆን ቦታ ካደረግኸው መልካም ነው፣ ከውሃው በላይ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ አታድርገው።

ሸክላ ሠሪዎች ከየት እንደሚቆፍሩ ጠይቅ። እነሱ ለጀበናና ለምጣድ የሚመርጡትን አፈር ማንም ባለሙያ አይበልጣቸውም። ካገኘህ በኋላ በጠርሙስ ግማሽ አፈር፣ ግማሽ ውሃ አድርገህ ናጠውና አስቀምጠው። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው ግን እያደፈረሰ ያድራል። የሸክላው ሽፋን ከጠቅላላው ሲሶ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ለመጠቅጠቂያ መሣሪያ ካጣህ ከብት አስረግጥ። አውድማ እንደሚረገጠው ነው፣ ዞር ዞር እያደረግህ። የከብት ሰኮና ጠባብ ስለሆነ አፈሩን ወደ ታች እየወጋ ከሥረኛው ጋር ያጋባዋል። ቱቦው ባለበት ላይ ግን ከብት አታስወጣ፣ እዚያ በሰው እጅ ነው።

የቱላው ገበሬ
አባባ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የቱቦውን አፍ በከመነዳሪ ዘጋነው። የሚፈስሰው ከግማሽ በታች ወረደ፣ ግን አልቆመም። ስለዚህ ቱቦውም አፈሩም ናቸው። ያ ነጭ አሸዋ ግን ጠፋ፣ አሁን የሚቀዳው ንጹሕ ነው። ቆፍሬ ልግባበት ብያለሁ። እንዴት ልቁረጠው?

አፈርና ውሃ
አሸዋው መጥፋቱ ትልቅ ዜና ነው። አፈር ሲያጥብ የነበረው የቱቦው መገጣጠሚያ ነበር ማለት ነው።

ውሃውን ቀስ ብለህ አጉድል፣ በቀን ከ30 ሴንቲ አይብለጥ። ድንገት ከጎደለ የግድቡ የውስጥ ፊት ገና ውሃ እንደጠጣ ድጋፉን ያጣና ይንሸራተታል። ቱቦው ስለተዘጋ በሞተር ሳበው፣ ለአትክልትህ ይሁን። ዓሣው የሚቀርበት ጥልቅ ቦታ ከቱቦው የራቀ ካልሆነ ቱቦው ዙሪያ በአፈር ትንሽ ክትር ሠርተህ ለየው።

ጉድጓዱን ቀጥ ባለ ግድግዳ አትቁረጥ። ቀጥ ካለ አንደኛ ሰው ላይ ይናዳል፣ ሁለተኛ አዲሱ አፈር ሲሰምጥ ከአሮጌው ጋር ይላቀቅና እዚያው ስንጥቅ ይፈጠራል። አንድ ሜትር ስትወርድ ወደ ጎን ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እየሄድክ፣ አፉ የሰፋ አድርገው። የተሰነጠቀውን ቱቦ ቀይር። ስትከፍተው ውሃው የሄደበትን መንገድ በዓይንህ ታየዋለህ፣ የታጠበ ነጭ አሸዋ መስመር ሠርቶ ይጠብቅሃል። ያ አፈር አንድም ሳይቀር ይውጣ።

ስትመልስ ሸክላው በእጅህ ጨብጠኸው ቅርጹን የሚይዝ፣ ግን እጅህን የማያጨቀይ ይሁን። በመዳፍህ ስታሽው እንደ እርሳስ ቀጥኖ ሳይፈረካከስ ከተጠቀለለ በቂ እርጥበት አለው። በ15 ሴንቲ ንብርብር አድርገህ ጠቅጥቅ፣ ቀጣዩን ከመጨመርህ በፊት የበፊቱን ፊት በዶማ ቧጥጠው። ለስልሶ የቀረ ፊት ላይ አዲስ አፈር አይያያዝም። ይሄ የበጋ ነፋስ የላዩን በአንድ ሌሊት ያደርቀዋል፣ ማታ ማታ በእንሰት ቅጠል ወይም በላስቲክ ሸፍነው። ከቱቦው ሥርና ጎን ያለውን በቀጭን እንጨት በእጅ ጠቅጥቅ፣ ቱቦው ግማሽ ሜትር አፈር እስኪለብስ ድረስ ማሽን አይነካውም።

የመጨረሻው፣ በጀርባ በኩል ያለውን የቱቦውን ሲሶ በሸክላ አትክበበው። ዙሪያውን ንጹሕ ሻካራ አሸዋ አድርግና እስከ ግድቡ እግር አውጣው። ነገ ተነገ ወዲያ ትንሽ ውሃ ቱቦውን ታክኮ ቢመጣ እዚያ ሲደርስ አፈሩን ጥሎ ብቻውን ይወጣል። የሐዋሳ ፑሚስ አሸዋ ቀላልና ተሰባሪ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም፣ የወንዝ አሸዋ አስመጣ፣ እጠበው። አቅሙ ካለህ ቫልቩን ወደ ኩሬው በኩል አምጣው። ያኔ ቱቦው ስትጠቀም ብቻ ነው ውሃ የሚይዘው።

ሎቄ ሠፈር
ግድቡ ላይ ዛፍ አለ? ምስጥስ?

የቱላው ገበሬ
ምስጥ የለም። ጀርባው ላይ ጥቂት የግራቪሊያ ችግኝ አለ፣ ቁመቱ ከሰው ጉልበት ትንሽ ይበልጣል።

ጡረተኛው
አሁኑኑ ከነሥሩ ንቀለውና ሌላ ቦታ ትከለው፣ ገና ልጅ ስለሆነ ይጸድቅልሃል። አድጎ ከተቆረጠ ሥሩ ግድቡ ውስጥ ይበሰብስና የውሃ መንገድ ይሆናል። በቦታው ሰርዶ አልብሰው።

የቱላው ገበሬ
ሥራውን ጨርሰናል፣ ጥር ገብቷል። ስንከፍተው መገጣጠሚያው ማጣበቂያ ሳይጠጣ ዝም ብሎ የተሰካ ነበር፣ ከሥሩ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ባዶ ቦታ። ሸክላውን ሸክላ ሠሪዎቹ ካሳዩን ቦታ በጋሪ አመጣን። ሠራተኞቹ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ውሃ ውስጥ አልገቡም። ቫልቩም ወደ ኩሬው በኩል ዞሯል። ዓሣው ደህና ነው፣ ጥቂት ትንንሾች ሞተውብናል። አሁን ከምንጩ ቀስ እያልን እየሞላን ነው። የጀርባው መሬት ደርቋል፣ አሸዋው መውጫ ላይ ትንሽ እርጥበት ብቻ አለ። ቦዩን ዘግቼ ስለካው ኩሬው በቀን ከአንድ ሴንቲ ትንሽ በላይ ይወርዳል።

በልግ ሲመጣ የሚያሳስበኝ ማስተንፈሻው (ኩሬው ሲሞላ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት) ነው። በግድቡ ጫፍ ላይ ያለችው ቦይ ግማሽ ሜትር እንኳ አትሰፋም።

አፈርና ውሃ
አንድ ሴንቲ ከምናምን ማለት ትነቱና የወለሉ ስርገት ናቸው፣ በቃ። በዚህ አመስግን።

ማስተንፈሻው ግን ልክ ነህ። የአፈር ግድብ አናቱ ላይ ውሃ ከሄደበት በሰዓታት ይጠፋል። አሁን ያለችው ቦይ በአዲሱ አፈር ላይ ከሆነች ዝጋት። አዲሱን ከግድቡ ዳር፣ ባልተነካ የተፈጥሮ መሬት ላይ አውጣው፤ አግድምና ሰፊ ይሁን፣ ሁለት ሜትር ቢሆን ይሻላል፣ ጥልቅና ጠባብ ከሆነ ይቆፍራል። ወለሉ ከግድቡ አናት ቢያንስ በግማሽ ሜትር ዝቅ ይበል። ሣሩን አሁን ትከልና ከኩሬው እያጠጣህ አሳድገው፣ መጋቢት ሳይገባ ሥር ይይዛል። ከላይ የሚመጣውን የተፋሰሱን ስፋት ብትነግረኝ ስፋቱን አብረን እናሰላዋለን።

የቱላው ገበሬ
ነገ ተራምጄ ለክቼ እጽፍልሃለሁ።